የካሌብ ሰባ መርከቦች

እንግዲህ ስሙኝ! ዛሬ የማወራችሁ የባሕር ወሬ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠች ናይሮቢ፣ ያውም ፓርክላንድስ ቁጭ ብሎ ስለ መርከብ ማውራት ምን የሚሉት ነው ትሉኝ ይሆናል። ፓርክላንድስን ግን ያለ ባሕር ማሰብ አይቻልም። ሳሪያቸውን ለብሰው ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄዱት እናቶች፣ በየሱቁ ባንኮኒ የተቀመጡት አዛውንት፣ የብዙዎቹ አያት ቅድመ አያቶች ከጉጃራትና ከፑንጃብ ተነሥተው፣ የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጠው ነው እዚህ የደረሱት። እኛ ሐበሾች ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደዚህ ሰፈር የሚያመጣን በሦስተኛው ፓርክላንድስ ጎዳና ያለው የአጋ ካን ሆስፒታል ነው፤ ታማሚ ይዘን እንመጣለን፣ ከሕንዶቹ ጎን ተራ እንጠብቃለን። ባሕሩ የነሱ፣ ተራራው የኛ ይመስለናል። ነገር ግን የዛሬ 1,500 ዓመት ከሕንድ የመጡ መርከቦች በአንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ትእዛዝ ሥር ለጦርነት ተሰልፈው ነበር። ወሬዬ እሱ ነው።

በመጀመሪያ ግን ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ላስቀድም። ግሪኮች ቴሚስቶክልስ የሚሉት ሰው አላቸው፤ የአቴና ሰው። ላውሪዮን በሚባለው ማዕድን ብር በብዛት ሲወጣ፣ ሕዝቡ ለነፍስ ወከፍ 10 ድራክማ እንካፈል ብሎ ነበር። እሱ ተነሥቶ፣ የለም፣ መርከብ እንሥራበት አለ። ሰሙት፤ መርከቡ ተሠራ። ከዚያ የፋርሱ ንጉሥ ጠረክሲስ ባሕርና የብስ ሞልቶ መጣ። የግሪክ ከተሞች በአንድ ላይ ይዝመቱ ሲባል፣ ስፓርታና ጓደኞቿ በአቴና ሰው አንታዘዝም አሉ። ከሁሉ የበለጠ መርከብ ያላት አቴና ናት፤ ቴሚስቶክልስ ግን አዛዥነቱን ለስፓርታው ኢውሪቢያዴስ ለቀቀ። ስሙን ሰጥቶ ኅብረቱን ገዛ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ሳላሚስ በምትባል ደሴት አጠገብ፣ በጠባብ ሰርጥ ውስጥ፣ የፋርስን መርከቦች ሰባበሩ። ይህን የናይሮቢ ልጆች ሳይቀሩ በትምህርት ቤት ሊማሩት ይችላሉ። ከሳላሚስ ሺህ ዓመት በኋላ ገበዛ ላይ የሆነውን ግን ማን ነገራቸው?

ገበዛ የአዱሊስ ወደብ ነው። አዱሊስ ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር የነበረች፣ ለአክሱም የባሕር በሯ። ዘመኑ የአፄ ካሌብ ነው፤ በመንግሥት ስሙ እለ አጽብሐ። ከባሕሩ ማዶ፣ ዛሬ የመን በምንለው አገር፣ የሒምያር መንግሥት ነበረ። ንጉሡ ዩሱፍ ይባላል፤ ዐረቦች ዙ ኑዋስ፣ የኛ መጻሕፍት ፊንሐስ ይሉታል። እምነቱ አይሁዳዊ ነው። ክርስቲያኖቹን የአክሱም እጅ አድርጎ ያያቸው ነበር፤ አክሱምም ከዚያ በፊት ባሕሩን ተሻግራ በሒምያር አገር ጦር አስቀምጣ ስለነበር ጥርጣሬው ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ይህን የምለው እውነቱን ለመናገር ነው እንጂ የሠራውን ለማቅለል አይደለም። በዋና ከተማው በዘፋር የነበሩትን የአክሱም ወታደሮች አረደ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቃጠለ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ523 ናግራንን ከበበ። ውጡ፣ ምንም አልነካችሁም ብሎ ማለላቸው። ወጡ። መሐላውን አፍርሶ ፈጃቸው። ሽማግሌውን ኂሩትንና የናግራን ሰማዕታትን ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች።

ዩሱፍ በዚህ አላበቃም። በፋርስ ሥር ለሚገዛው ለሒራው የዐረብ ንጉሥ ለሙንዚር ደብዳቤ ላከ፤ እኔ እንዳደረግሁት አንተም በክርስቲያኖችህ ላይ አድርግ የሚል። ደብዳቤው በ524 በሙንዚር ሰፈር ሲነበብ የሮም መልእክተኞች እዚያው ነበሩ፤ የቤተ አርሻሙ ጳጳስ ስምዖንም ሰምቶ ወሬውን በጽሑፍ በተነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ እንግዲህ፦ የናግራን ደም የአንድ ከተማ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ሒምያር ወደ ፋርስ ካዘነበለች የባብ ኤል መንደብ በር በጠላት እጅ ሊገባ ነው። የሕንድ ቅመምና የቻይና ሐር የሚያልፈው ደግሞ በዚያ ነው።

የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኖስ የራሱን ጦር ለመላክ ሩቅ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዮስጢኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበል፣ ያልተቀበሉትንም የሚያሳድድ ንጉሥ ነው። አክሱም ደግሞ ከእስክንድርያ ጋር የቆመች፣ ጉባኤውን የማትቀበል ናት። በሃይማኖት ጉዳይ አብረው ቅዳሴ የማይቆሙ ሰዎች ናቸው። እሱ ግን ራሱ በማይቀበለው በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል ለካሌብ ላከበት፤ ካሌብም እሺ አለ። አቴናና ስፓርታ ከነዚህ ሁለቱ ይልቅ ይቀራረቡ ነበር ብል አላጋነንሁም።

አሁን ወደ መርከቦቹ እንግባ። የናግራን ሰማዕታት ገድል የግሪክኛው ቅጂ አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስቀምጣቸዋል። ዛሬ አቃባ ከምትባለው ከአይላ 15፣ በስዊዝ አጠገብ ከነበረችው ከክሊስማ 20፣ ከዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን ደሴቶች 7፣ ከሕንድ 9። ስልሳ ሆኑ። ካሌብም በአንድ ክረምት 10 አሠርቶ ጨመረባቸው፤ ሰባ ሞሉ። አስቡት እስቲ! የሮም ነጋዴ፣ የዐረብ ደሴተኛ፣ የሕንድ መርከበኛ፣ ቋንቋቸው ለየቅል፣ ጌታቸው ለየቅል፣ አንድ ወደብ ላይ ተሰብስበው የአክሱምን ሰው ቃል ይጠብቃሉ።

በዚያው ሰሞን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ነበረ። የከተማዋ ሹም ጠርቶ፣ ንጉሡ ስለፈለገው ነው፣ በከተማይቱ መግቢያ ባለው ነጭ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸውን የግሪክ ጽሕፈት ገልብጥልን ይለዋል። ኮስማስም ከጓደኛው ጋር ገለበጠ፤ አንዱን ለሹሙ ሰጠ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ በሒምያር ላይ ሊዘምት እየተነሣ እንደነበር የጻፈልን እሱ ነው። ዙፋኑ ጠፍቷል፤ ጽሕፈቱን ዛሬ የምናነበው ኮስማስ ለራሱ ባስቀረው ቅጂ ነው። ሊዘምት የተነሣ ንጉሥ የጥንት ጽሕፈት ገልብጡልኝ ማለቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከሱ በፊት ባሕሩን ማን እንደገዛ ማወቅ ፈልጎ ነበር ብዬ አምናለሁ።

መርከቦቹስ ምን ይመስላሉ? ፕሮኮፒዮስ የሚባለው የሮም ታሪክ ጸሐፊ በዚያ ባሕርና በሕንድ የሚሠሩት መርከቦች ሚስማር አይመታባቸውም፣ ቅጥራንም አይቀቡም ይላል። ሳንቃው ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ፣ በተበሳው ቀዳዳ ገመድ እየገባ ይሰፋል። በዘመኑ ሰዎች፣ በዚያ ባሕር ብረት የሚስቡ ዓለቶች ስላሉ ነው ሚስማር የማይመቱት ይሉ ነበር። ፕሮኮፒዮስ ይህን ውሸት ነው ብሎ ጣለው፤ ብረት ስለሌላቸውና የሮም ሕግ ብረት እንዳይሸጥላቸው ስለሚከለክል ነው አለ። በአክሱም አገር ብረት አልነበረም ማለቱ አይዋጥልኝም፤ አክሱሞች ብረት ያቀልጡ ነበር። የስፌቱ ነገር ግን እውነት ነው። ኬንያ የምትኖሩ ወገኖቼ ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በላሙ ደሴቶች ምቴፔ የሚባል መርከብ ነበር፤ ሳንቃው በኮኮናት ቃጫ የተሰፋ፣ ሸራው ከዘንባባ ቅጠል እንደ ሰሌን የተታታ፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በዚህ ዳርቻ የቀዘፈ። ከካሌብ ወታደሮች ብዙዎቹ የተሳፈሩት በዚህ ዓይነት ስፌት ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ትውፊታችን እንደሚለው ካሌብ ከመነሣቱ በፊት ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ ወደ አባ ጰንጠሌዎን በዓት ሄደ፤ ባረኩት። እ.ኤ.አ. በ525 ከበዓለ ሃምሳ በኋላ ሸራው ተነሣ።

ዩሱፍ ማዶ ሆኖ ይጠብቃል። የጦር አለቃው በ523 ናግራን አቅራቢያ በዓለት ላይ ያስቀረጸው ጽሕፈት ዛሬም አለ፤ ንጉሡ የመንደብን ሰንሰለት እያጠናከረ ነው ይላል። ገድሉም መርከብ እንዳያልፍ ሰርጡ በሰንሰለት ታጥሮ ነበር ይላል። ማዕበሉ መርከቦቹን ከሁለት ከፈላቸው። ከፊሎቹ በሩን ጥሰው አለፉ፤ ከፊሎቹ በሌላ ስፍራ ደረሱ፤ ዩሱፍ ለሁለት ግንባር አልበቃም። የአክሱም ሰው የብስ ረገጠ፣ ዘፋር ተያዘች። ዩሱፍ በባሕሩ ዳር በሰይፍ ወደቀ ይላል ገድሉ፤ ዐረቦች ደግሞ ፈረሱን ኮልኩሎ ወደ ባሕሩ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አላየውም ይላሉ። ካሌብ የዚያው አገር ተወላጅ የሆነውን ክርስቲያን ሱምያፋ አሽዋን አንግሦ ግብር ጣለበትና ተመለሰ።

አሁን ደስታው አለቀ፤ ቀጣዩን ደግሞ ታግሣችሁ ስሙኝ። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ የአዲሱ ቄሣር የዮስጢንያኖስ መልእክተኛ መጣ። ካሌብን ያየው አራት ዝሆኖች በሚስቡት፣ በወርቅ በተለበጠ ሠረገላ ላይ ቆሞ ነው፤ ራሱ ላይ የወርቅ ጥምጥም፣ በእጁ ትንሽ የወርቅ ቅብ ጋሻና ሁለት ጦር። ዋሽንት ይነፋል። ካሌብ የቄሣሩን ደብዳቤ ተቀብሎ ማኅተሙን ሳመ። ጥያቄው ምን ነበር? ሐሩን ከሕንድ እናንተ ገዝታችሁ ለኛ ሽጡልን፣ ፋርስ ገንዘባችንን አትብላ፤ ሒምያሮቹም በፋርስ ላይ ይዝመቱ የሚል ነው። እሺ ተባለ። አልሆነም። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚደርሱባቸው ወደቦች ተቀምጠው ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙ ነበርና፣ የኛ ሰዎች ሲደርሱ የሚገዛ ሐር የለም።

እኔ የካሌብን ነገር ሳስብ ልቤን የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። የካሌብ ሰባ መርከቦች ደቦ ነበሩ። ጎረቤት በሬውን ይዞ ይመጣል፣ እርሻህን ያርስልሃል፣ ማታ በሬውን ነድቶ ይገባል። አይላ ወደ አይላ፣ ሕንዱም ወደ ሕንድ ተመለሰ። ሰባውን መሰብሰብ የቻለ ንጉሥ የራሱ የሆኑት 10 ብቻ ነበሩ። ቴሚስቶክልስ ግን ከሰው ጋር ከማበሩ በፊት ብሩን ከሕዝቡ እጅ አስቀርቶ መርከብ ሠርቶበታል። ለዚህ ነው ሳላሚስ ካለፈ በኋላ አቴና ባሕሩን ይዛ የቀረችው።

የቀረውን ላሳጥረው። በየመን የቀሩት የአክሱም ወታደሮች ሱምያፋን አስረው አብርሃን አነገሡ፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን በዝሆኑ ዓመት ታሪክ የሚያውቁት አብርሃ ነው። ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው አብርሃ ቀድሞ አዱሊስ የሚነግድ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር። ካሌብ 3,000 ሰው ላከበት፤ ሰዎቹ አለቃቸውን ገድለው ወደ አብርሃ ዞሩ። ሌላ ጦር ላከ፤ ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ አልላከም። ትውፊታችን ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ፣ መንግሥቱን ለልጁ ለገብረ መስቀል ትቶ መነኮሰ ይላል። በ570ዎቹ ገደማ ደግሞ ፋርስ መጣች። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ንጉሥ ኮስሮ ከእስር ቤት ያወጣቸውን 800 ሰዎች በ8 መርከብ ላከ፤ ሁለቱ ሰጠሙ። በስድስት መርከብ የደረሱት ሐበሾቹን ከየመን አስወጡ።

ይህን ብዬም ካሌብን አላሳንስም። በሃይማኖት የማይስማሙትን ሰዎች፣ በቋንቋ የማይግባቡትን መርከበኞች፣ ለአንድ የተገፋ ሕዝብ ሲል በአንድ ወደብ አሰልፏል፤ ራሱም አብሯቸው ተሳፍሯል። መቃብሩ ነው የሚባለው ሕንጻ ዛሬም ከልጁ ከገብረ መስቀል መቃብር ጋር ጎን ለጎን አክሱም ላይ አለ፤ ደረጃውን ወርዶ መግባት ይቻላል። እናንተ በፓርክላንድስም ሆነ በሌላው ሰፈር ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ ስለ ሳላሚስ ተምረው ሲመጡ ገበዛንም ንገሯቸው፤ ድሉን ብቻ ሳይሆን ከድሉ በኋላ የሆነውንም ጨምራችሁ ንገሯቸው።