ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን በቤት መደገፍ፦ ጅማና የአካባቢዋ የቡና ከተሞች በ2012 ዓ.ም.

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች በመላ አገሪቱ እንዲዘጉ በመወሰኑ፣ 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ሆኑ። ክረምቱ በተለመደው ዓመትም የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ ከትምህርት ቀናት የተቀነሰው ሦስት ወር ተኩል ያህል ነው ሊባል ቢችልም፣ ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በመሆኑ ልጆች ያለ መምህር የቆዩበት ጊዜ ሰባት ወር ደርሷል። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በየቡ የነበረው ጥያቄ ግን ትምህርት ቤቱን እንዴት ወደ ቤት ማዛወር ይቻላል ከሚለው ይልቅ፣ የራሱ ሥራ፣ የራሱ ወቅትና የራሱ የንባብ ታሪክ ያለው ቤት ለልጁ ምን ሊሰጥ ይችላል የሚል ነበር።

መንግሥት የመረጠው መንገድ የርቀት ትምህርት፣ ማለትም መምህርና ተማሪ ሳይገናኙ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ነበር። በቴሌግራም የሚላኩ የቤት ሥራዎች ስማርት ስልክ ላላቸው ጥቂት የከተማ ቤተሰቦች ብቻ የሚደርሱ ሲሆኑ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በመቋረጡ ይህም መንገድ ተዘጋ። ሬዲዮ በአገሪቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለ በመሆኑ የተሻለ ተስፋ ነበረው፤ ይሁን እንጂ የሬዲዮ ትምህርት የተዘጋጀው መምህሩ ክፍል ውስጥ ሆኖ ጥያቄ እንዲመልስና ደብተር እንዲያይ ታስቦ ስለነበር፣ ያ ሰው በሌለበት ልጁ የሚሰማው ነገር ሳይገባው ያልፋል። ራይዝ ኢትዮጵያ የተባለው የምርምር ፕሮግራም ከትምህርት ቤቶች መከፈት በኋላ ባደረገው ጥናት በከተማና በገጠር ተማሪዎች መካከል የነበረው ልዩነት መስፋቱን ማሳየቱም ከዚህ ጋር የሚጣጣም ነው።

የመምህሩን ቦታ ወላጅ ይተካ ማለት በጅማ ዙሪያ እምብዛም ያልተነገረ እንቅፋት ነበረበት። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማሩት ጎልማሶች፣ ዛሬ አያቶች የሆኑት፣ አፋን ኦሮሞን ጭምር የተማሩት በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የልጅ ልጆቻቸው መጻሕፍት የሚታተሙት ላቲንን መሠረት ባደረገው ቁቤ ነው። ስለዚህ ማንበብ የሚችል አያት፣ መጽሐፉ በገዛ አፍ መፍቻ ቋንቋው ተጽፎ እያለ፣ የልጁን ገጽ ማንበብ ሊሳነው ይችላል፤ ይህንንም ወላጆች ለትምህርት ግድ የላቸውም ብሎ መተርጎም ታላቅ በደል ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ቃል ነው፦ ልጁ ያነበበውን ጮክ ብሎ ለአያቱ ሲያነብ፣ ቀጥሎም መጽሐፉን አጥፎ በራሱ አባባል ሲተርክና አያቱ ያልገባቸውን ሲጠይቁት፣ ማንበብ የማያስፈልገው አዋቂ እውነተኛ አስተማሪ ይሆናል። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ቤተሰቡ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ ስለሚቀመጥ፣ ለዚህ የተመቸ ቋሚ ጊዜ በአብዛኛው ቤት አለ፤ ለወትሮው በትልልቆች ጨዋታ መካከል ዝም እንዲል የሚጠበቅበት ልጅ በዚያ ሰዓት ተራ ይሰጠው ዘንድ ግን የወላጅን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሒሳብም በቡና አገር ከቤት አይጠፋም። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን፣ ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ቡና አንድ ኪሎ ያህል የተፈለፈለ ቡና እንደሚወጣው የሚያውቅ ገበሬ፣ ሚዛን ላይ ቆሞ ለልጁ ማባዛትን፣ ማካፈልንና ንጽጽርን ሊያስተምር ይችላል። ሆኖም ሥራ ሁሉ ትምህርት አይደለም፤ ልጁ ጆንያ ከመሸከም አልፎ ስሌቱን በራሱ እጅ በደብተሩ ላይ ካልጻፈና መልሱን ካላረጋገጠ፣ የተጨመረለት ድካም ብቻ ነው።

ለትንንሾቹ ልጆች የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊት የጀመሩት ሥራ ጠቃሚ መሠረት ጥሏል። ዴንቨር 2 የተባለውን የልጆች እድገት መመዘኛ ከጅማ አካባቢ ኑሮ ጋር አስማምተው፣ በከተማዋ በከፋ ድህነት በሚኖሩና በምግብ እጥረት ታመው በታከሙ ከ6 ዓመት በታች ልጆች ላይ በጨዋታ የታገዘ ማነቃቂያ፣ ማለትም አሳዳጊው ከልጁ ጋር ዓላማ ባለው ጨዋታ እንዲነጋገርና ለምልክቶቹ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርግ ድጋፍ ሞክረው፣ በአንዳንድ የእድገት ዘርፎች መሻሻል አግኝተዋል። በቀውስ ጊዜ የሚፈራ፣ እንቅልፍ የሚያጣ ወይም ዝም የሚል ልጅ የሚያስፈልገውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ስለ በሽታው የሰማውን እንዲናገር የሚያስችልና በዕድሜው ልክ እውነት የሚነግረው አሳዳጊ።

ብርቱው ፈተና የመጣው ግን ትምህርት ቤቶች በተከፈቱ ጊዜ ነው። በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ተማሪ ብቻ እንዲቀመጥ በመወሰኑ ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በፈረቃ ሲያስተምሩ፣ ወቅቱ ቀይ ቡና የሚለቀምበት፣ ክረምቱን በእጥረት ያሳለፈው ቤት ገንዘብ የሚያገኝበት ጊዜ ነበርና፣ ከክፍል ውጭ የሚውለው ፈረቃ ወደ ለቀማ አዘነበለ። ወላጅን በመውቀስ ይህን መከላከል አይቻልም፤ የፈረቃው ሰሌዳ ሲወጣ የለቀማው ሳምንታት አብረው ቢታዩ፣ የገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበራት ከትምህርት ቤቶች ጋር ቢመክሩ፣ ለቤት የሚሰጠው ሥራም ልጁ ጠዋት ወደ ቡናው ከመውጣቱ በፊት በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ሆኖ ቢመጠን ኖሮ፣ በተለይ ከለቀማው በተጨማሪ የቤቱ ሥራ የሚጠብቃቸው ሴቶች ልጆች ለደብተራቸው የሚተርፍ ጊዜ ያገኙ ነበር።