የአረንጓዴ ንግድ ዕውቅና

የአረንጓዴ ንግድ ዕውቅና አካባቢን በመጠበቅና የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት በመቀነስ አርአያ ለሆኑ የንግድ ድርጅቶች የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ሰጪው ማዘጋጃ ቤት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የንግድ ማኅበር ወይም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሊሆን ይችላል። በከተማ ደረጃ ሲሰጥ ተቀባዮቹ በአብዛኛው የሰፈር ምግብ ቤቶች፣ ጋራዦች፣ ላውንደሪዎች፣ የጥርስ ክሊኒኮችና ሆቴሎች ናቸው። በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ምልክት፣ በዓመት አንዴ በአዳራሽ የሚታደል ሽልማት ወይም ደረጃ የተጻፈበት ሰርተፊኬት ሆኖ ይመጣል። (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ዕውቅናው ከንግድ ፈቃድ ይለያል። ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ ላሟላ ሁሉ ሲሆን ዕውቅና የሚሰጠው ሕጉ ከሚጠይቀው አልፎ ለሄደ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርቡ ምሳሌ የገቢዎች ሚኒስቴር ለታማኝ ግብር ከፋዮች በፕላቲኒየም፣ በወርቅና በብር ደረጃ የሚሰጠው ዕውቅና ነው። ሐሳቡ አንድ ነው፤ ደግ የሠራ በአደባባይ ሲመሰገን ሌላው ይከተለዋል። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ግብር የከፈለ ሰው ገንዘቡ በመዝገብ ላይ ይገኛል። ከጓሮ የሚወጣ ጭስ፣ ከፍሪጅ የሚያፈተልክ ጋዝ፣ ወደ ቱቦ የሚደፋ ዘይት ግን ማንም መዝገብ ላይ አያሰፍረውም። ስለዚህ አረንጓዴ ዕውቅና ሰጪው በአካል ሄዶ ካላየ በቀር የባለቤቱን ቃል ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። የዕውቅናውን ታሪክም ሆነ ውዝግቡን ለመረዳት ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል።

አመጣጥ

መጀመሪያ የተሞገሰው ዕቃ እንጂ ሱቅ አልነበረም። ምዕራብ ጀርመን በ1978 ያስጀመረችው “ሰማያዊው መልአክ” የተባለ ምልክት ለአካባቢ የተሻሉ ምርቶች የሚለዩበት የዓለም የመጀመሪያው የአካባቢ መለያ ነው። በ1987 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም “ግሎባል 500” የተሰኘ የክብር መዝገብ ከፍቶ ግለሰቦችንና ድርጅቶችን ማመስገን ጀመረ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1991 ሌላ መንገድ ሞከረ። “33/50” በተባለው መርሐ ግብር ኩባንያዎች የ17 መርዛማ ኬሚካሎችን ልቀት በፈቃዳቸው በ1992 በ33 በመቶ፣ በ1995 ደግሞ በ50 በመቶ እንዲቀንሱ ተጠየቁ፤ የሚያገኙት ምስጋና ብቻ ነበር። ግቡ ከቀጠሮው አንድ ዓመት ቀድሞ ተመታ። ተቺዎች ግን የተቆጠረው ቅነሳ ከመርሐ ግብሩ መጀመር በፊት ከነበረው ከ1988 ተነሥቶ የተሰላ መሆኑን፣ ያልተሳተፉ ኩባንያዎች የቀነሱትም አብሮ መደመሩን አመለከቱ። ትችቱ ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህም “ባንሸልማቸው ኖሮ አይሠሩትም ነበር ወይ?” የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የዕውቅና ፕሮግራም አልተለየም።

የአውሮፓ የአካባቢ አስተዳደርና ኦዲት ሥርዓት በ1993፣ “አይሶ 14001” የተባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አስተዳደር መስፈርት ደግሞ በ1996 ተከተሉ። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። ነገር ግን የሰነድ ክምራቸውና የኦዲት ወጪያቸው አምስት ሠራተኛ ያለው ጋራዥ የሚችለው አይደለም። ይህን ክፍተት የሞሉት ከተሞችና አውራጃዎች ያቋቋሟቸው ፕሮግራሞች ናቸው። ሲያትልን የሚያቅፈው የኪንግ አውራጃ በ1995 “ኤንቫይሮስታርስ”ን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያሉ አውራጃዎች ደግሞ በ1996 የአረንጓዴ ንግድ ፕሮግራማቸውን ጀመሩ። የኋለኛው እየሰፋ ሄዶ በ2011 በወጣ ሕግ የካሊፎርኒያ ግዛት ፕሮግራም ሆነ።

አሠራር

የባሕረ ሰላጤው ፕሮግራም በቀዳሚነት ትኩረት ከሰጣቸው መካከል የመኪና ጥገና ጋራዦች ይገኛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ጋራዥ የሚደፋው ዘይትና የማጽጃ ኬሚካል ጥቂት ነው፤ ጋራዦቹ ግን በርካታ ናቸው። የሁሉም ጥቂት በጎርፍ ታጥቦ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ይደመራል። በየደጁ ተቆጣጣሪ አቁሞ መቅጣት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቶቹ ምክር በነጻ ሰጡ፤ የተቀበለውንም ስሙን በአደባባይ አነሡለት። የሞተር ክፍሎች በኬሚካል መታጠባቸው ቀርቶ ውሃን መሠረት ባደረገ ማጽጃ እንዲታጠቡ፣ ያገለገለ ዘይት ተጠራቅሞ ዳግም እንዲጣራ፣ የመሬቱ ወለል በውሃ ከመታጠቡ በፊት በደረቁ እንዲጠረግ ማስተማር የሥራው ዋና ክፍል ነበር።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ባለቤቱ ያመለክታል። በመጀመሪያ የአካባቢ ሕጎችን ማክበሩ ይጣራል፤ በቅጣት ላይ ያለ ድርጅት ወደሚቀጥለው ደረጃ አያልፍም። ቀጥሎ ለሥራው ዓይነት የተዘጋጀ መጠይቅ ይሰጠዋል፤ ለምግብ ቤት፣ ለማተሚያ ቤት፣ ለቢሮ የተለያየ ነው። ኃይል፣ ውሃ፣ ቆሻሻና ብክለት እያንዳንዳቸው ይፈተሻሉ። ከዚያ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ራሱ መጥቶ ያያል። አምፖሉን ይመለከታል፤ የቧንቧውን ፍሰት ይለካል፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፍቶ የተቀመጠውን ኬሚካል ያነባል፤ የመብራትና የውሃ ቢል ያገላብጣል። ሁሉም ከተሟላ ምልክቱ ይሰጣል፤ ምልክቱ ግን ዘላለማዊ ስላልሆነ ዘመኑ ሲያልፍ እንደገና መመርመር ግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉብኝቱ ነው። ሽልማት በአዳራሽ ጭብጨባ የሚደምቅ ሊመስል ይችላል። ዋጋ የሚሰጠው ግን ያ ቁም ሣጥን መከፈቱ ነው።

የላውንደሪዎች ጉዳይ ዕውቅና የት ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ደረቅ እጥበት ፐርክሎሮኢቲሊን በተባለ ፈሳሽ ይሠራ ነበር። ፈሳሹ ለካንሰር ያጋልጣል ተብሎ የሚፈራ ሲሆን አፈርና የከርሰ ምድር ውሃም ይበክላል። የላውንደሪ ባለቤቶች መልስ “ያለ እሱ ሱፍ አይታጠብም” የሚል ነበር። በውሃና በተለየ ሳሙና የሚያጥቡ ላውንደሪዎች በምልክትና በድጎማ ሲደገፉ ግን ሱፉ እንደሚታጠብ በአደባባይ ታየ። ካሊፎርኒያ በ2007 ፈሳሹን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ወሰነች፤ የመጨረሻው ቀን ጥር 1 ቀን 2023 ሆነ። ሕጉን ያወጣው ዕውቅናው ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም “አይቻልም” ለሚል ነጋዴ ከባለሥልጣን ንግግር ይልቅ በሚቀጥለው መንገድ ያለ ተፎካካሪው ሱቅ የበለጠ መልስ ይሰጣል።

የአየር ንብረት ጉዳይ ሲጨመር

የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች የተጨነቁት ለውሃና ለመርዛማ ኬሚካል ነበር። የአየር ንብረት ለውጥ ሲታከል መስፈርቱ ጥልቀት ጨመረ፤ ያልታሰቡ ጥፋተኞችም ተገኙ። በሥጋ ቤትና በምግብ ቤት ፍሪጆች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው አር-404ኤ የተባለ ማቀዝቀዣ ጋዝ አንድ ኪሎው ሲያፈተልክ ወደ 3.9 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ከባቢ አየርን ያሞቃል። ባለቤቱ መብራቱን ሁሉ ቀይሮ የፍሪጁን ቱቦ ካላስጠገነ ብዙም አልቀነሰም ማለት ነው። የምግብ ትርፍራፊም እንደዚሁ ነው፤ ከቆሻሻ ክምር ሥር አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን ያመነጫል። ካሊፎርኒያ በ2016 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2022 ጀምሮ የምግብ ቆሻሻን ለይቶ ማስወገድ ግዴታ ሆኗል። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያሉ የሀበሻ ምግብ ቤቶችም በዚሁ ሕግ ሥር ናቸው። ቀድሞ ለምስጋና የሚሠራ የነበረው ነገር ዛሬ ተራ ግዴታ ነው፤ ይህ የዕውቅና መስፈርት በየጊዜው ከፍ ማለት ያለበትን ምክንያት ያስረዳል።

ልቀትን ለመቁጠር ብዙዎቹ የሚጠቀሙት በ2001 የታተመውን የግሪንሀውስ ጋዝ ፕሮቶኮል ነው። ፕሮቶኮሉ ልቀትን በሦስት ወሰን ይከፍላል። አንደኛው ድርጅቱ ራሱ በቀጥታ የሚለቀው፣ ሁለተኛው ከሚገዛው ኤሌክትሪክ ጀርባ ያለው፣ ሦስተኛው ከአቅራቢ እስከ ደንበኛ ባለው ሰንሰለት የሚፈጠረው ነው። እንጀራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በእንጨት የሚጋገርበት ቤት የምድጃው ጭስ በመጀመሪያው ወሰን ውስጥ ይወድቃል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ከሆነ ጥያቄው ወደ ሁለተኛው ያልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሃ ኃይል ስለሚመነጭ የአዲስ አበባው ጋጋሪ በዚህ ረገድ ከድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ የውጭ ጋጋሪ እጅግ የተሻለ ነው። ያው እንጀራ በአውሮፕላን ተጭኖ ዋሽንግተን ሲገባ ግን የጉዞው ነዳጅ በሦስተኛው ወሰን ይቆጠራል፤ ምጣዱ ያተረፈውንም ሊበላው ይችላል። ሦስተኛውን ወሰን የማይጠይቅ ፕሮግራም ላኪውን ሳይመረምር ያመሰግነዋል።

ትችት

በ1986 የአሜሪካ የአካባቢ ተሟጋች ጄይ ዌስተርቬልድ እንግዶች ፎጣቸውን ደግመው እንዲጠቀሙ የሚለምኑ ሆቴሎችን ተመልክቶ “ግሪንዋሺንግ” የሚል ቃል ፈጠረ፤ በአማርኛ አረንጓዴ ቅብ ልንለው እንችላለን። ሆቴሉ የሚቆጥበው የራሱን የእጥበት ወጪ ሆኖ ሳለ ውለታውን ለምድር እንደዋለ ያስመስላል የሚል ነበር ክርክሩ።

የሽልማት ታሪክ ከባዱ ውርደት የመጣው ከመኪና ነው። “ግሪን ካር ጆርናል” የተባለው መጽሔት ለ2009 የቮልስዋገን ጄታ ናፍጣ መኪናን፣ ለ2010 ደግሞ የዚያው ኩባንያ የሆነውን አውዲ ኤ3ን የዓመቱ አረንጓዴ መኪና ብሎ ሰይሞ ነበር። በመስከረም 2015 ኩባንያው የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር መጫኑ ተጋለጠ፤ መኪኖቹ በመንገድ ላይ የሚለቁት ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። መጽሔቱ ሁለቱንም ሽልማቶች ሰረዘ። ሸላሚዎቹ የተሳሳቱት በተንኮል አልነበረም፤ ተሸላሚው ካቀረበው ቁጥር ውጪ የራሳቸው መለኪያ ስላልነበራቸው ነው።

ትችቱ የነጥብ አሰጣጥንም ይመለከታል። ከ2006 ጀምሮ የሚሠራው “ቢ ላብ” የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ለአነስተኛም ለትልልቅም ኩባንያዎች የ“ቢ ኮርፕ” ማረጋገጫ ይሰጣል። ለዓመታት ከ200 ነጥብ 80 ያገኘ ያልፍ ነበር። ይህ አንድ ድርጅት በሠራተኛ አያያዝ ባገኘው ነጥብ የአየር ንብረት ድክመቱን እንዲሸፍን በር ይከፍት ነበር። በ2025 የወጣው አዲስ መስፈርት ነጥብ መደመርን አስቀርቶ የአየር ንብረትን ጨምሮ በሰባት ርዕሶች ዝቅተኛውን ማሟላት ግዴታ አድርጓል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባጸደቀው መመሪያ ያለ ማስረጃ “ለአካባቢ ተስማሚ” ማለትን፣ የሌላ ሰው ቅነሳ ገዝቶ ምርትን “ከካርቦን ነጻ” ብሎ መሸጥንና በማረጋገጫ ሥርዓት ወይም በመንግሥት አካል ያልተደገፈ የዘላቂነት መለያን ይከለክላል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን መስከረም 27 ቀን 2026 ተብሎ ተወስኗል።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን በ2011 አውጥታለች። ስትራቴጂው ከ85 በመቶ በላይ የሆነው የአገሪቱ ልቀት ከግብርናና ከደን እንደሚመነጭ ያሳያል። ስለዚህ ለካሊፎርኒያ ቢሮ የተዘጋጀ መጠይቅ እዚህ ቢተረጎም ዋናውን ነገር ይስታል። እዚህ የሚጠየቀው ዳቦ ቤቱ የሚያነደው እንጨት ከየት እንደመጣ፣ ሥጋ ቤቱ ተረፈ ምርቱን የት እንደሚደፋ፣ ቆዳ ፋብሪካው ክሮሙን ከፍሳሹ መለየት አለመለየቱ ነው።

በአገር ውስጥ ሥር የሰደደው ምሳሌ የአበባ እርሻዎች ነው። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር ከ2007 ጀምሮ በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ የተከፈለ የአሠራር ደንብ አለው። የኬሚካል አያያዝ፣ የሠራተኛ ደኅንነትና የፍሳሽ አወጋገድ ይመረመራሉ፤ አንዳንድ እርሻዎችም ፍሳሻቸውን ወደ ሐይቅ ከመልቀቅ ይልቅ ሸምበቆ በተተከለበት ኩሬ ያጣራሉ። ደንቡ የቆመው በአውሮፓ ገዢዎች ግፊት ጭምር ነው፤ ያለ ሰርተፊኬት አበባው ገበያ አያገኝም። ይህ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው፤ ገዢው በሩቅ ሲሆን ከእርሻው አጠገብ ያለው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በመስፈርቱ ላይ የሚናገርበት መድረክ ጠባብ ይሆናል።

በሌላ ጫፍ በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር በቤተልሔም ጥላሁን የተመሠረተው “ሶልሬብልስ” ይገኛል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ አዘምኖ ለዓለም ገበያ አቅርቧል፤ በዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትም ዕውቅና አግኝቷል። ጎማውን ቆርጦ ጫማ ማድረግ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ የሰፈር ጫማ ሠሪዎች ስም ሳይወጣለት ሲሠሩት የኖሩት ነው። ለሰፈር ንግድ ዕውቅና የሚያዘጋጅ ማዘጋጃ ቤት ፍለጋውን ከእነዚህ ቢጀምር የሚያመሰግነው አያጣም።

አንባቢም ድርሻ አለው። በሱቅ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ሰርተፊኬት ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የተሰጠበትን ዓመትና ማን በአካል መጥቶ እንዳየ።