ከካላክላ እስከ መተማ፦ የአንድ ጎዳና ቁርጥራጮች

ከካርቱም በስተደቡብ፣ በነጭ አባይ ዳርቻ፣ ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው ጎዳና ላይ ካላክላ ትገኛለች። ገበያዋና መናኸሪያዋ ያሉበት ሰፈር «ለፋ» ይባላል። በዓረብኛ መታጠፊያ ማለት ነው፤ ረዳቶች ስሙን እየደጋገሙ ሲጣሩ የሰማ ሐበሻ ግን ስለ ደከመ ሰው የሚያወሩ ይመስለዋል። በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር እንደ እኔ ላለ ሰው ሁለቱም ፍቺ ያስኬዳል። ከዚህ ተነሥቶ አገሩ ለመግባት ያሰበ ሁሉ መታጠፍም መልፋትም አይቀርለትም ነበርና።

በካርታ ላይ መንገዱ አንድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ካቀዳቸው ዘጠኝ አህጉራዊ ጎዳናዎች መካከል ከካይሮ ወደ ደቡብ የሚወርደውና ከንጃሜና ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው በገዳሪፍ፣ በጋላባትና በመተማ በኩል ጎንደር ይገባሉ። ሐኪሙ ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ቀዳማዊ ኢያሱን ለማከም ከሰናር ተነሥቶ ጎንደር የደረሰውም፣ ጄምስ ብሩስ ከሰባ ዓመታት በኋላ ከጎንደር ወደ ሰናር የወረደውም በዚሁ ድንበር አካባቢ አልፈው ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁትም እዚያው መተማ ላይ ነው።

መሬት ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ከካርቱም በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው 1,190 ኪሎ ሜትር ያህል ጎዳና እ.ኤ.አ. በ1980 ተጠናቀቀ ሲባል፣ በልዩ ልዩ አበዳሪዎች ገንዘብ፣ በልዩ ልዩ አገር ተቋራጮች የተሠሩ ክፍሎች ተገጣጠሙ ማለት ነበር። ወደቡ የሚፈልገው ያ ስለሆነ ቀደመ። ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት የሚገነጠለው ቁራጭ ግን ለማንም አላስቸኮለም፤ በክረምት የጭነት መኪና በጥቁሩ ጭቃ እየተዋጠ እስከ 2000ዎቹ ቆየ።

የመኪና አነዳዱ እንኳ አንድ አልነበረም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ቀኝ ስትዞር ሱዳን እስከ 1973 በግራ ነዳች። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ድንበሩን የተሻገረ ሾፌር ሁሉ መስመሩን መለወጥ ነበረበት።

እኔ ስጓዝ አንድ ትኬት ቆርጬ ካርቱም ተነሥቼ ጎንደር አልወረድሁም። ከ«ሚና አልበሪ» (የየብስ ወደብ ማለት ነው) እስከ ገዳሪፍ አንድ አውቶቡስ፣ እስከ ጋላባት ሌላ መኪና፣ ከዚያ ድልድዩን በእግር፤ በወዲያኛው ጫፍ ፓውንዱን በብር መንዝሮ የጎንደርን አውቶቡስ መፈለግ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሐበሻውም ሱዳናዊውም በእነዚህ ቁርጥራጮች ላይ ፈሰሰ። በዲሴምበር ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀችና ዋናው ክፍል ተቆረጠ። ከካላክላ የሚወጣ ሰው በጀበል አውሊያ፣ በኮስቲና በሰናር መዞር ግድ ሆነበት፤ በ2024 አጋማሽ ሲንጃ ስትያዝ እሱም ተዘጋ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የመተማና የጎንደርን መንገድ አስፈሪ አደረገው። የሱዳን ጦር በጃንዋሪ 2025 መደኒን፣ በማርች ካርቱምን መልሶ ያዘ።

ከሁሉም አጭሩ ቁራጭ የጋላባትና የመተማ ድልድይ ነው። በደህናው ቀን ሻንጣ የያዘ ሰው በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል። በ2023 የጸደይ ወራት ግን ብዙዎች ከነልጆቻቸው እዚያው ጥግ ላይ ውለው አድረዋል።