የጎንደር ሥዕል ሲተርክ

የቅምሩ ሰው በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ በልቷል፤ የገዛ ቤተሰቡን እንኳ አላስቀረም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ውኃ ጥም ያቃጠለው ድኃ አገኘ። ድኃው ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመነው፤ እምቢ አለ። ስለ ቅዱሳኑ ብሎ ለመነው፤ አሁንም እምቢ። ስለ እመቤታችን ስለ ማርያም ሲለው ግን ልቡ ራራና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ኋላ ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ የበላቸው ሰዎች በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላ ወገን ሚዛን ላይ ተቀመጡ። ውኃዋ ደፋች።

የጎንደርና የአካባቢዋ ምእመን ይህን ታሪክ የሚያውቀው በጆሮው ብቻ አይደለም። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆሞ ይሰማል፤ ቀና ሲል ደግሞ ከግድግዳው ላይ ያየዋል። ሰዓሊው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም በአንድ ላይ ያስቀምጠዋል። እዚህ ጋ ሰውየው የሰው ሥጋ ወደ አፉ ያስጠጋል፤ እዚያ ጋ ድኃው መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ከፍ ብሎ ሚዛኑ ተንጠልጥሏል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚያይ አይጠፋውም።

በዘመናችን «ቪዡዋል ኖቭል» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ከኋላ የቦታው ሥዕል፣ ከፊት ገጸ ባሕርዩ፣ ከሥር ጽሑፉ ይታያል፤ ተጫዋቹ እያነበበ ይሄድና የሆነ ቦታ ላይ «ትሰጠዋለህ ወይስ ትከለክለዋለህ?» ዓይነት ምርጫ ይቀርብለታል። ታሪኩም እንደ ምርጫው መንገድ ይቀይራል። ጌም ጃም በሚሉት ዘመቻ ደግሞ ሠሪዎቹ በሁለት ቀን ወይም በአንድ ወር አንድ ጨዋታ ጀምረው ይጨርሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በየዓመቱ በማርች ወር የሚካሄደው ናኖሬኖ ለቪዡዋል ኖቭል ብቻ የተለየ ነው። የአንድ ጌም ጃም ጭብጥ ተረት ከሆነ ሲንደሬላና ባለ ቀይ ቆቧ ልጅ ቶሎ ብቅ ይላሉ። ጎንደር ግን ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚሆን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኩን በሥዕልና በጽሑፍ አጣምሮ የማቅረብ የቆየ ጥበብም አላት።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ነገሥታቱና መኳንንቱ ቤተ ክርስቲያን በማሠራትና መጽሐፍ በማስጻፍ ተፎካከሩ። ብራና ፋቂው፣ ቁም ጸሐፊውና ሰዓሊው ሥራ በዛላቸው። የሥነ ጥበብ አጥኚዎች የዘመኑን አሣሣል ለሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ጥላ የሌለው፣ ቀለሙ ደማቅ፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የደረጀ ሲሆን፣ ፊቱ በጥላ ይሞላል፤ የልብሱ ጥለትና አበባ ሳይቀር በጥንቃቄ ይሣላል።

እነዚህ ሰዓሊዎች ከዓለም ተነጥለው አልሠሩም። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመው ወንጌል ጎንደር ደርሶ ነበር። አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ጣሊያናዊ የነደፋቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነበሩበት። የጎንደር ሰዓሊዎች የታሪኩን ቅደም ተከተል ከነዚያ ሥዕሎች ወሰዱ፤ ሰዎቹን ግን አበሻ አደረጓቸው፤ ጥቁርና ነጩንም በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ለወጡት። የሰው ሥራ አይቶ የራስ ማድረግ እንዲህ ሲሆን ያምራል።

ከሁሉ የሚገርመው የዓይኑ ሕግ ነው። ጎንደር ያለችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይህን ልብ ብሎ ቢያይ አይቆጨውም። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞራል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ገራፊው፣ ከሐዲውና ጋኔኑ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ወደ መቅደሱ በሚያስገባው በር በላይ ሥላሴ፣ ከሥራቸው ስቅለቱ አለ፤ ጣሪያውን የመላእክት ፊት ሞልቶታል። ከመቶ በላይ ናቸው፤ ዓይናቸውም ከሰው ላይ አይነሳም። ጌም ሠሪ ገጸ ባሕርዩ ገና ሳይናገር ማንነቱ ከፊቱ እንዲነበብ ስንት ይደክማል! እነዚያ ሰዓሊዎች ያንን በአንድ ዓይን ጨርሰውታል። ከሰዎቹ ራስ በላይ ወይም ከጎናቸው ደግሞ ማን ምን እንደሚያደርግ በግዕዝ አጠር ተደርጎ ይጻፋል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ይህ ሙያ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ። እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሰዓሊዎች የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ጨርቅ ላይ በረድፍ በረድፍ እየከፋፈሉ ሣሉት፤ የውጭ ሀገር ሰዎችም እየገዙ ወሰዱት። በብዛት የታወቀው 44 ክፍል ያለው ነው፤ ባለ 44 ታቦት ለምትባለው ጎንደር ቁጥሩ እንግዳ አይደለም። በየክፍሉ ሥር ወይም ራስጌ የሚሆነው ነገር በአማርኛ ተጽፏል፤ እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል።

የሚጀምረውም በዘንዶ ነው። ሕዝቡ ለዘንዶው ይገብራል፤ አንድ ሰው በመርዝ ይገድለዋል፤ ሕዝቡም ያነግሠዋል፤ ልጁ ማክዳ ትወርሰዋለች። ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ይነግራታል፤ ኢየሩሳሌም ትወርዳለች። ንጉሡ ቅመም የበዛበት ግብር ያበላታል፤ ከቤቱ አንዳች ነገር ላትወስድ ያስምላታል። ሌሊት ጥሙ ይነሳባታል፤ ከተቀመጠው ውኃ ትጠጣለች፤ መሐላዋም ይፈርሳል። በላዔ ሰብእን ያዳነው ውኃ ነበር፤ ማክዳን ያስያዛትም ውኃ ነው። ጌም ጃም ላይ ምርጫው የሚቀመጥበትን ቦታ የሚፈልግ ወጣት ከነዚህ ከሁለቱ የበለጠ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ከዚህ የሥዕልና የመጽሐፍ ሀብት ጎንደር ውስጥ የቀረው ግን ጥቂቱ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥለው መጻሕፍቱን ወደ መቅደላ አጋዙ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ እንግሊዞች ከዚያ ክምችት መርጠው ወሰዱ፤ 350 ያህሉ ብራናዎች ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተረፉት አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳዳናት የጎንደር ሰው ይናገራል።

የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነገር ደግሞ ለብቻው ያንገበግባል። ያሠሩት ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ናቸው። ሥዕሎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ፤ ከጎንደር ለመውጣት ያመቻቸውም ይኸው ነው። በ1924 ዓ.ም. ክረምት ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጂቡቲ የሚያቋርጠው የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል ቡድን ጎንደር ሰፈረ። ሥዕሎቹን ልጦ ወሰደ፤ በቦታቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሰዓሊ የሠራቸውን ግልባጮች አኖረ። ስድሳ ካሬ ሜትር ያህል የሚሆነው የጎንደር ሥዕል ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሥዕሎቹ ተጎድተው ቢሆን እንኳ እዚያው መጠገን እንጂ መወሰድ አልነበረባቸውም።

ሥዕልና ታሪክን ማጣመሩ ግን አልተቋረጠም። ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል፤ ቅኔ ጌምስ የሀገራችንን ልጆች ጨዋታ ስም ወስዶ «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል። ቪዡዋል ኖቭል መሥራትም እንደሚፈራው አይደለም። ቶም ሮዛሜል የጀመረው ሬንፓይ የተባለ ሶፍትዌር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል፤ የግዕዝ ፊደልም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ አንድ የአማርኛ ፎንት ጨምሮ ጽሑፉን በአማርኛ ማስኬድ ይቻላል።

እንግዲህ የጎንደር ወጣቶች ቀጣዩን ጌም ጃም ሲጠብቁ ሲንደሬላን ከመዋስ በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ግድግዳውን ቀስ ብለው ያንብቡት። አንዱ ቅዳሜ ደግሞ በሁመራ መንገድ አርማጭሆ ውስጥ እስካለችው ትክል ድንጋይ ድረስ ይውጡና ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ከሚሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዘንድ ቁጭ ይበሉ፤ ፈቃድ ጠይቀው በስልካቸው ይቅዱ። የአርማጭሆን ተረት በጎንደር ዓይን የሚሥል ጨዋታ መጀመሪያ መሠራት ያለበት እዚሁ፣ በነዚሁ ልጆች እጅ ነው።