ወረቀት በባትሪ ሆድ ውስጥ

ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብሮ ያየ ሰው ውስጡን ያውቀዋል። በገጠር ትምህርት ቤት የተማርን ብዙዎቻችን ጥቁሩን ዱቄት አውጥተን ሰሌዳ አጥቁረንበታል። መሀሉ ላይ የከሰል ዘንግ አለ፤ በዙሪያው ዱቄቱ ተጠቅጥቋል፤ ከውጭ የዚንክ ቆርቆሮ ይዞታል። በዱቄቱና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ እርጥበት የጠጣ ስስ ወረቀት ይገኛል። ይህን ወረቀት ልብ የሚለው የለም፤ ተልጦ ይጣላል። እሱ ባይኖር ግን ዱቄቱና ቆርቆሮው በቀጥታ ተነካክተው ድንጋዩ ገና አምፖል ሳያበራ ኃይሉን በከንቱ ይጨርስ ነበር።

ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚሠራው «የወረቀት ባትሪ»፣ ማለትም የሚታጠፍ፣ የሚጠቀለልና በመቀስ የሚቆረጥ የኃይል ማጠራቀሚያ፣ ብዙ ጊዜ ከሰማይ ዱብ ያለ ነገር ተደርጎ ይወራለታል። ታሪኩን ከሥሩ ለተከተለ ሰው ይህ ልክ አይደለም። ወረቀት ባትሪ ከተፈለሰፈበት ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር፤ የሚገባውን ምስጋና ሳያገኝ ኖረ እንጂ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 20 ቀን 1800 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ከኮሞ ከተማ ለንደን ወደሚገኘው የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት፣ ወደ ሰር ጆሴፍ ባንክስ፣ ደብዳቤ ጻፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከደብዳቤው ጀርባ የቆየ ክርክር ነበር። የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተች እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረት ሲነካ እንደሚፈራገጥ አይቶ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከእንስሳው ሥጋ ነው አለ። ቮልታ አልተቀበለውም፤ ምንጩ ብረቶቹ ናቸው፣ እንቁራሪቷ እርጥብ መተላለፊያ ብቻ ናት ብሎ ሞገተ። ይህን ለማሳየት እንቁራሪቷን አወጣና በቦታዋ በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን አስገባ። ብር፣ ዚንክ፣ እርጥብ ካርቶን፤ እንደገና ብር፣ ዚንክ፣ እርጥብ ካርቶን እያለ ደራረበው። ክምሩን ከላይና ከታች በሁለት እጁ የነካ ሰው ነዘረው። የመጀመሪያው ባትሪ ይኸው ነው።

ችግሩም የመጣው በዚያው በካርቶኑ በኩል ነበር። ክምሩ ከፍ ሲል የላይኞቹ ብረቶች ክብደት የታችኞቹን ካርቶኖች ይጨምቃቸዋል፤ ጨዋማው ውሃ በጎን ይወርድና ኮረንቲው በዚያ በኩል ያመልጣል። ካልተጨመቀ ደግሞ ይደርቃል። ከቮልታ በኋላ የመጡት ባትሪ ሠሪዎች አብዛኞቹ ፈሳሹን በብርጭቆ ዕቃ ወደ ማኖር ሄዱ።

በሌላ አቅጣጫ ከሄዱት ጥቂቶች መካከል በቬሮና ከተማ ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት ካህን ጁዜፔ ዛምቦኒ ይገኛሉ። ስማቸው ከቮልታ አጠገብ እምብዛም አይነሳም፤ ሊነሳ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛምቦኒ በ1812 የሠሩት ባትሪ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ወረቀት ነው። የወረቀቱን አንድ ፊት ስስ ብረት አለበሱት፤ ሌላውን ፊት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ቀቡት፤ ያው በባትሪ ድንጋያችን ውስጥ የምናገኘውን ጥቁር ዱቄት ማለት ነው። ከዚያ በክብ በክብ እየቆረጡ በመቶዎችና በሺዎች ደራረቡት። ውሃ አልጨመሩበትም። ደረቅ የሚመስለን ወረቀት ሁሉ ከአየር የሳበው ጥቂት እርጥበት አለውና ያ እርጥበት በቃ። የሚሰጠው ኮረንቲ ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም፣ ከሺዎቹ ወረቀቶች የሚደመረው ቮልቴጅ ግን ከፍተኛ ነው፤ ዕድሜውም ለማመን ያስቸግራል።

የዕድሜው ምስክር በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክላረንደን ላቦራቶሪ ተቀምጧል። በ1840 እንደተተከለ የሚነገርለት ይህ ዕቃ ሁለት በድኝ የተለበጡ ደረቅ ባትሪዎችና ከሥራቸው ሁለት ትናንሽ ደወሎች አሉት። በደወሎቹ መካከል 4 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያላት የብረት ኳስ በክር ተንጠልጥላለች። ኳሷ አንዱን ደወል ስትነካ የእሱን ኤሌክትሪክ ትይዛለች፤ ወዲያው ይገፋትና ወደ ሌላኛው ትሄዳለች፤ እሱም ይመልሳታል። አየሩ በጣም ሲረጥብ ካጋጠሟት አጫጭር መቋረጦች በቀር ይህን ማድረግ አላቆመችም። ደወሎቹ በመስታወት ስለተከደኑ ድምፁ አይሰማም። ባትሪው ከምን እንደተሠራ በእርግጠኝነት ለማወቅ መክፈት ያስፈልጋል፤ መክፈት ማለት ግን ማቆም ነውና የደፈረ የለም። ባለሙያዎች የሚገምቱት የዛምቦኒን ዓይነት የወረቀት ክምር እንደሆነ ነው። የዛምቦኒ ክምር በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በጨለማ ለሚያሳዩ የእንግሊዝ ወታደራዊ መነጽሮች ኃይል ሰጥቷል።

ባትሪን ከቤተ ሙከራ ወደ ሰፊው ሕዝብ ያወጣው እርምጃም ከወረቀት ጋር የተያያዘ ነው። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1880ዎቹ የሠራው ደረቅ ባትሪ ፈሳሹን የሚይዘው በጀሶ ነበር። በአሜሪካ ናሽናል ካርበን የተባለው ኩባንያ በ1896 «ኮሎምቢያ» የተሰኘውን ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ሲያወጣ ጀሶውን በተጠቀለለ ካርቶን ተካው። ካርቶኑ ቦታ ስለማይፈጅ ለዱቄቱ ሰፊ ክፍል ተረፈ፤ መገጣጠሙም ቀለለ። በእጅ የሚያዝ ባትሪና በየገጠሩ የሚሰማ ራዲዮ የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

ወረቀቱ ራሱ ባትሪ ሆኖ በስሙ የተጠራው በ2007 ነው። በኒውዮርክ ግዛት ትሮይ ከተማ በሚገኘው ሬንሰሊር ፖሊቴክኒክ እነ ፑሊኬል አጃያን እና ሮበርት ሊንሃርት ሴሉሎስን፣ የወረቀትን ሥጋ ማለት ነው፣ በአዮናዊ ፈሳሽ አሟሙተው ናኖቲዩብ በሚባሉ እጅግ ደቃቅ የካርቦን ቱቦዎች ላይ አፈሰሱት። የወጣው ጥቁር ቅጠል 90 በመቶው ሴሉሎስ ነበር። ታጥፎም ተቆርጦም ይሠራል፤ ላብና ደም እንኳ ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም በባትሪው ውስጥ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፈሳሽ፣ ሊሆኑለት ይችላሉ። ዜናው በዓለም ናኘ። ሆኖም ናኖቲዩብ ውድ ነው፤ እንደ ባትሪ ሲሠራም ሊቲየም ያስፈልገው ነበር። ከዚያ ይልቅ እኔን የበለጠ የማረከኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ከስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሥራ ነው። እነ ማሪያ ስትሮም የባህር ዳርቻ ከሚያቆሽሽ ክላዶፎራ የተባለ አልጌ ሴሉሎስ አውጥተው፣ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፖሊመር ቀብተው፣ በ11 ሴኮንድ ቻርጅ የሚሆን ወረቀት ሠሩ። ብረት የሚባል ነገር በኤሌክትሮዱ ውስጥ የለም።

በቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሶክሁን ቾይ ደግሞ በ2015 ሲታጠፍ የክብሪት ሳጥን የሚያክል፣ በአንድ ጠብታ ቆሻሻ ውሃ የሚሠራ የወረቀት ባትሪ አሳየ። ኃይሉን የሚሰጡት በውሃው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ያሰበውም ሆስፒታልና መብራት በሌለበት ቦታ በሽታ ለሚመረምሩ የወረቀት መሣሪያዎች ነበር።

በ2022 በስዊዘርላንዱ ኤምፓ ተቋም የጉስታቭ ኒስትሮም ቡድን ያቀረበው ባትሪ ቮልታን ያስደስተው ነበር። ወረቀቱ በጨው ውሃ ተነክሮ ደርቋል፤ በአንድ ፊቱ የዚንክ ዱቄት ያለበት ቀለም፣ በሌላው የግራፋይት ቀለም ታትሞበታል። እስኪፈለግ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። 2 ጠብታ ውሃ ሲነካው ጨው ይሟሟል፤ ዚንኩ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፤ በግራፋይቱ በኩል የአየሩ ኦክስጅን ይቀበለዋል። በ20 ሴኮንድ ውስጥ 1.2 ቮልት ይደርሳል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን አገናኝተው አንዲት የጠረጴዛ ሰዓት አሠሩበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ወረቀቱ ደረቀና ጉልበቱ ወረደ፤ ሌላ 2 ጠብታ ሲጨመርለት ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየው 0.5 ቮልት ላይ ነው።

ይህ ባትሪ መኪና አይነዳም፤ ስልክም ቻርጅ አያደርግም። ለአንድ ጊዜ የደም ምርመራ፣ ለመድኃኒት ጭነት መከታተያ ወይም ለእርጥበት መለኪያ ግን አንድ ሰዓት በቂ ነው። ዛሬ ለእነዚህ አጭር ሥራዎች የምንጠቀመው በክብ ብረት የታሸገ ትንሽ ባትሪ ሥራው በደቂቃ ሲያልቅ ብረቱ ለዘመናት መሬት ላይ ይቀራል። የኒስትሮም ቡድን የሚቀረውንም አልደበቀም፤ በቀለሙ ውስጥ ያለውን የዚንክ መጠን ቀንሶ ባትሪውን ይበልጥ ለአካባቢ ተስማሚ ማድረግ እንደሚቻል ገልጿል።