መንፈሱን ማባረር ወይስ ማነጋገር? የጎንደር ዛርና የቡድሃ ልጆች ሕክምና

በጎንደር አንዲት ሴት እንቅልፍ ስታጣ፣ ምግብ ሲያስጠላት ወይም ያለ ምክንያት ስታለቅስ ሰፈሩ «ዛር ይዟት ነው» ይል ነበር፤ ዛሬም የሚል አለ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጠበል ነው፤ መንፈሱ ለፍልፎ እንዲወጣ። ሁለተኛው አዋቂ ቤት መሄድ ነው። አዋቂው ግን ዛሩን አያባርረውም፤ ቁጭ ብሎ ያነጋግረዋል።

ይህን ሁለተኛ መንገድ በቅርብ ያዩ ሰዎች ጽፈውልናል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1932 የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ የተባለው የፈረንሳይ የምርምር ቡድን ጎንደር ገብቶ አምስት ወር ያህል ቆየ። ከቡድኑ አንዱ የሆነው ሚሼል ሌሪስ፣ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ መልካም አየሁ የተባሉ አዛውንት አዋቂ ቤት ይመላለስ ነበር። በ1958 ስለ ጎንደር ዛር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በጎንደር ጥናት ያደረገው አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ ስለ ዛር አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ነገሩንም በቀጥታ «የቡድን ሕክምና» ብሎ ጠራው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ይጨበጨባል፣ ይዘፈናል። ታማሚዋ ስታጓራ ዛሩ በአፏ ይናገራል። አዋቂው ይጠይቃል፦ ማን ነህ? ሰይፉ ጨንገር ነህ? ወይስ ራሄሎ ነሽ? ምን አስቀየመህ? ምንስ ትፈልጋለህ? ከዚያ ድርድር ይጀመራል፤ ጌጥ፣ አዲስ ልብስ፣ መልኩ የተመረጠ ዶሮ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ የዛሩ «ፈረስ» ናት፤ የማኅበሩም አባል። ሜሲንግ እንዳስተዋለው ብዙዎቹ ታማሚዎች ባል ያላቸው፣ ግን ችላ የተባሉ ሴቶች ነበሩ። እስቲ አስቡት፦ ሚስት በራሷ አፍ «ረሳኸኝ» ማለት በማትችልበት ቤት ዛሩ ይልላታል። ባልም ይሰማል፤ ጌጡንም ይገዛል።

አሁን ከጎንደር ራቅ እንበል። ቡድሃ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በሰሜን ሕንድ ተከታዮቹን ያስተማረው አንድ ልምምድ ነበር፦ እስትንፋስህን ልብ በል፤ ንዴት ሲመጣ መምጣቱን እይ፤ አታባርረው፣ አትከተለውም። በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባለ አሜሪካዊ ይህን ልምምድ ከሃይማኖቱ ለይቶ ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች ሥልጠና አደረገው። ማይንድፉልነስ የሚለው ቃል በሰፊው የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ዴቨን ያለው የካሩና ተቋም ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ። ካሩና ርኅራኄ ማለት ነው። በዚህ ሕክምና ልብ ብሎ ማየት የታካሚው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙም ታካሚው ፊት ተቀምጦ የራሱን አካልና ስሜት ይከታተላል። ሕክምናው የሚሠራው በሁለቱ መካከል ባለው ግንኙነት ነው።

መሐንዲስ ይህ ሐሳብ አይገርመውም። የምድር መንቀጥቀጥ ሲመጣ ፈጽሞ አልነቃነቅም የሚል ግንብ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ንቅናቄውን ተቀብሎ ቀስ በቀስ የሚያበርድ መሣሪያ ይገጠምለታል።

ታዲያ ሁለቱ አንድ ናቸው? አይደሉም። ዛር ስሜቱ ከውጭ የመጣ፣ ስምና ፍላጎት ያለው ነው ይላል፤ ቡድሃ ግን ስሜት ባለቤት የሌለው አላፊ ነገር ነው ይላል። ዛር ሲወርድ ሰውዬው ራሱን ይስታል፤ በማይንድፉልነስ ዋናው ነገር ንቁ መሆን ነው። ዛር ወጪው ከባድ ነው፤ ማኅበርተኛነቱም ዕድሜ ልክ። ደግሞም የሚጥል በሽታ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው በቅድሚያ የሚያስፈልገው ሐኪም ቤት ነው፤ ዛርም ሆነ ማይንድፉልነስ ያንን አይተካም።

ነገር ግን ዛሬ ማይንድፉልነስ ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው በስልክ መተግበሪያ ነው፦ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ብቻን ቁጭ ብሎ። አዋቂ ቤት ግን «ምን አስቀየመህ?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር፤ የሚያጨበጭብ ነበር፤ መልሱን ሰምቶ ጌጥ የሚገዛ ባልም ነበር። ልምምዱን ለጎንደር ወጣቶች በአማርኛ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ቃላቱን ከመተርጎሙ በፊት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ልጁ የሆዱን ሲያወጣ አጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነው?