ነዋሪው ማነው? ከ1946ቱ ቻርተር እስከ ሀና ማርያም

የአዲስ አበባ ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ቤቱን አያሳይም፤ ወረቀት ያወጣል። የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ የዕድር ደብተር፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የግብር ካርኒ፣ አንዳንዴም የልጆች የክትባት ካርድ ሳይቀር በፌስታል ተጠቅልሎ ከሳጥን ግርጌ ይቀመጣል። እሳት ቢነሳ ከልጆች ቀጥሎ የሚወጣው እሱ ነው። ለመሆኑ ከነዚህ ሁሉ ወረቀቶች ሰውን የዚህች ከተማ ነዋሪ የሚያደርገው የትኛው ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። በተለዋወጠ ቁጥርም ትናንት ነዋሪ የነበረው ዛሬ ሕገ ወጥ፣ ትናንት ባለቤት የነበረው ዛሬ ተከራይ ሆኖ አድሯል።

ይህን ጥያቄ ከማንሳት በፊት አንባቢን ወደ አንድ ሰፈር ልውሰድ። ከጎፋ ተነስቶ በላፍቶ በኩል ወደ ደቡብ የወረደ ሰው ሀና ማርያምን ያገኛታል። እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች በታቦት ስም የምትጠራ፣ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሥር ያለች የከተማዋ ዳርቻ ናት። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ የአካባቢውን ታሪክ አሳጥሮ ይናገራል። «ነፋስ ስልክ» ከጠላት ወረራ በፊት ያለ ሽቦ፣ በአየር ብቻ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ የመጣ ነው፤ «ላፍቶ» ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። አንደኛው ከተማው ይዞት የመጣው ነገር ነው፤ ሁለተኛው ከተማው ሲመጣ እዚያው ቆሞ የጠበቀው።

በሰኔ 2008 ዓ.ም. ክረምቱ በገባበት ሰሞን በዚሁ ክፍለ ከተማ ወረዳ 1፣ በሀና ማርያምና በአቅራቢያዋ ቀርሳ ኮንቶማ በሚባለው ቦታ፣ አፍራሽ ግብረ ኃይል ገባ። ቤቶቹ ሕገ ወጥ ናቸው፣ ይነሳሉ ተባለ። ነዋሪው በበኩሉ ዓመታት ኖረንበታል፣ ልጅ አሳድገንበታል፣ በዚህ ዝናብ ወዴት እንሂድ አለ። ነገሩ ወደ ግጭት አመራ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከሞቱትም መካከል የፖሊስ አባላት ይገኙባቸው ነበር። ብዙ ቤተሰብ በቆርቆሮና በላስቲክ ሥር ክረምቱን ገፋ። ሕግ ለማስከበር የወጣውም፣ ቤቱን ለማስጣል የቆመውም እኩል ያለቀሱበት ሰሞን ነበር።

እዚህ ደረጃ እንዴት ተደረሰ? ይህን ለመረዳት ከ2008 ወደ ኋላ፣ እጅግ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቷ በሰፈር በሰፈር ለመኳንንቱ ተመራ። እያንዳንዱ ሹም በተመራው ኮረብታ ላይ ግቢውን ሠራ፤ ወታደሩና አሽከሩ ዙሪያውን ሰፈረ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የምኒልክ የመሬት ሕግ የከተማውን መሬት በግል መያዝንና መሸጥን በሕግ አጸና። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁለት ዓይነት ሰው ነበረው፤ መሬት ያለውና በመሬት ባለው ሰው ጥግ የሚያድር።

ይህ ልዩነት በፖለቲካም ጸንቶ የወጣው በ1946 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ቻርተር ተሰጣት፤ የከተማ ምክር ቤትም ተቋቋመላት። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዳሩ ግን ለምክር ቤቱ የሚመርጠውና የሚመረጠው በከተማው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለውና ግብር የሚከፍለው ሰው ብቻ ነበር። ከንቲባውን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። በቀላል አማርኛ፣ ቤት የሌለው ሰው በከተማው ይኖር ነበር እንጂ ነዋሪ አልነበረም። ከተማውን የሞላው ተከራይ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ መንገድ ቢቸግረው የሚልከው እንደራሴ አልነበረውም።

ታዲያ ተከራዩ ዝም ብሎ ተቀመጠ? አልተቀመጠም። ማዘጋጃ ቤቱ ያልሰጠውን ወንበር በዕድር አገኘው። ዕድር በመጀመሪያ ለቀብር የተቋቋመ ነው፤ ይሁን እንጂ ድንኳንና ብረት ድስት ለመግዛት የተሰበሰበ ሰው ስለ ድልድዩና ስለ ቦኖ ውሃውም ማውራቱ አይቀርም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዕድሮች ገንዘብ አዋጥተው መንገድ ያሠሩ፣ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ያዋጡ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም ቆይቶ ይህ ጉልበት ገባውና የዕድር መሪዎችን መጥራት ጀመረ። ልብ በሉ፤ ዕድር የሚጠይቀው ካርታ አልነበረም። የሚጠይቀው በሰፈሩ መኖርንና ጎረቤት ሲሞት መገኘትን ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ተሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፤ ኪራይ ተቀነሰ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ለርእሳችን ግን ከሁሉ የሚበልጠው አዋጁ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ማቋቋሙ ነው። ቀበሌ የምንለው ይኸው ነው። በ1946ቱ ቻርተር ደጅ የቀረው ተከራይ አሁን ስሙ ከነዋሪዎች ዝርዝር ገባ፤ መረጠ፤ ተመረጠ። ቀበሌ በአዋጁ ቃል የነዋሪው ማኅበር ነበር፤ ኪራይ ይሰበስባል፣ ከኪራዩም መንገድና ድልድይ ይሠራል፣ ፍርድ ሸንጎም ያቆማል።

ቃሉና ተግባሩ አብረው ብዙ አልዘለቁም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀበሌ መሣሪያ ታጠቀ፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ስንት የከተማ ልጅ የታሰረው በሰፈሩ ቀበሌ ነው። በኋላም ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው በቀበሌ ሱቅ በኩል ሆነ። መታወቂያ የሌለው ስኳር የለውም። ስብሰባ የቀረ ጉዳዩ ይጓተታል። የነዋሪው ማኅበር ተብሎ የተወለደው ቀበሌ ነዋሪው ደጅ የሚጠናበት ግቢ ሆኖ አረፈው። የጥንቱ ደጅ ጥናት ከመኳንንቱ አዳራሽ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ነበር። በከተማው ዳርቻ የሚያርሰው ሰው በዚህ አዋጅ የገበሬ ማኅበር አባል ሆነ። ስለዚህ የከተማው ጫፍ ላይ ሁለት ሕግ ጎን ለጎን ቆመ፤ ወዲህ ማዶ የቀበሌ፣ ወዲያ ማዶ የገበሬ ማኅበር። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የኋለኛው ችግር የበቀለው ከዚህ ድንበር ላይ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት ተለወጠ እንጂ መሬቱ የመንግሥት መሆኑ አልተለወጠም። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ወጣ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ተደነገገ። በሊዝ ጨረታ ለመወዳደር አቅም የሌለው፣ በኋላም በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ከዐሥር ዓመት በላይ ዕጣ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ዓይኑን ወደ ዳርቻው ጣለ። በዳርቻውም ያለው ገበሬ ስሌት ነበረው። በ1997ቱ የማስለቀቂያ አዋጅ መሠረት መሬቱ ለልማት ቢወሰድ የሚከፈለው ካሳ ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ነበር። የጤፍና የስንዴ ዋጋ በዐሥር ቢባዛ ደላላው ከሚያቀርብለት ገንዘብ አጠገብ አይደርስም። ነገ በካሳ ከሚሄድ ዛሬ በእጅ ይግባ አለ። ሕጉ ሽያጭን ስለከለከለ ውሉ የብድር ወይም የስጦታ እየተባለ ተጻፈ። ምስክር ቆመ፤ ጣት ታተመ። ቤቱም በሌሊት ተሠራ። ሕዝቡ ለዚህ ስም አላጣም፤ «የጨረቃ ቤት» አለው።

እውነቱን ለመናገር የጨረቃ ቤት ሁሉ የድሃ ቤት አልነበረም። አንድ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው የሸጠ ደላላ ነበር፤ አጥሮ የሚነግድም ነበር። ለመንገድና ለአረንጓዴ ቦታ የታቀደ መሬት ላይ ቤት ሲቀለስ ከተማው ዝም ይበል የሚል ሰውም የለም። ነገር ግን ሰፈር በአንድ ሌሊት አይቆረቆርም። ግድግዳው ቢቆም፣ ጭቃው መመረጉ፣ ቆርቆሮው መመታቱ፣ መብራት ከጎረቤት መሳቡ፣ ዕድር መቋቋሙ፣ ልጅ ትምህርት ቤት መግባቱ ዓመታት ይፈጃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ያላየ ሹም ነበር ማለት ይከብዳል።

አስተዳደሩ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ አስገራሚ ነው፤ የአየር ፎቶግራፍ! በ1992 ዓ.ም. የወጣው የከተማው ደንብ ከግንቦት 1988 ዓ.ም. በፊት የተሠሩትን ቤቶች ወደ ሕጋዊነት ለማስገባት ፈቀደ። ቀጥሎ ደግሞ የ1997ቱ የአየር ካርታ መለኪያ ሆነ። አውሮፕላን ሲያልፍ ጣሪያው የታየለት ነዋሪ ሆነ፤ በማግስቱ የሠራው ሕገ ወጥ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ሕገ ወጥ ይዞታን በሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ለማንሳት ሥልጣን ሰጠ። ማስጠንቀቂያው ከእጁ ባይደርስ እንኳ በንብረቱ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ዓመታት የፈጀ ኑሮ በሰባት ቀን ይዘጋል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ምክር ቤቱ የት ነበር? በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተማና በ203 ቀበሌ ተከፈለች፤ ኋላም ቀበሌዎቹ ተጨፍልቀው ወረዳ ተባሉ። በ1997ቱ ምርጫ ከምክር ቤቱ 138 መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ፤ ምክር ቤቱን ግን ሳይረከብ ቀርቶ ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር ቆየች። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ 137ቱን ኢሕአዴግ ወሰደ። በዚያው ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ተደርጎ ነበር። በ2005 ዓ.ም. 138ቱም የኢሕአዴግ ሆነ። ሀና ማርያም ላይ ቤት በፈረሰበት በ2008 ዓ.ም. ሥራ ላይ የነበረው ይኸው ምክር ቤት ነው። በ1946 መራጩ ባለ ንብረት ብቻ ነበር፤ በ2005 መራጩ ሁሉም ነዋሪ ነበር። ሆኖም አፍራሹን ያዘዘው አስተዳደርና አስተዳደሩን ሊጠይቅ የሚገባው ምክር ቤት የአንድ ቤት ልጆች ሲሆኑ ከሳሽና ዳኛ የት ይለያሉ?

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የኦሮሚያ ከተሞች የሚያስተሳስረው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ባስነሳው ተቃውሞ ብዙ ሰው ሞቶ በጥር 2008 ተሰርዟል። በዳርቻው የሚያርሰው ገበሬ ከተማው ሊውጠኝ ነው ሲል፣ በዚያው ዳርቻ ቤት የሠራው የከተማ ሰው ከተማው ሊተፋኝ ነው ይል ነበር። ሁለቱም የተናገሩት ስለ አንድ መሬት ነው፤ ሁለቱንም ግን አንድ ላይ አስቀምጦ ያነጋገረ ሸንጎ አልነበረም።

ሀና ማርያም የመጨረሻዋም አልሆነችም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ለገጣፎ ለገዳዲ ተመሳሳይ ልቅሶ ተሰማ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ደግሞ ነባሩ የፒያሳ ሰው፣ የቀበሌ ቤት ወረቀት ያለው ሳይቀር፣ ዕቃውን ጭኖ ወደ ዳርቻ ወጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የማስለቀቂያ አዋጅ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማቋቋሙ መልካም ነው፤ በሩ የተከፈተው ግን ይዞታው በሕግ ለታወቀለት ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ዛሬም የሚቆመው ከበሩ ውጭ ነው።

እንግዲህ የመነሻ ጥያቄያችን ይህ ነበር፤ ነዋሪው ማነው? ባለ ርስት፣ ግብር ከፋይ፣ የቀበሌ አባል፣ ጣሪያው በአየር ካርታ የታየ፤ ከተማዋ በየዘመኑ የሰጠችው መልስ ይህ ነው። መልሶቹ ይለያዩ እንጂ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ መሬቱ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። መሬቱ የማን እንደሆነ መለየት የአስተዳደሩ ሥራ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ሰውን መስማት ግን ከመሬት ጋር መታሰር አልነበረበትም። ቤቱ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ አቤቱታው ግን ሕገ ወጥ አይሆንም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 49 ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሥልጣን የሰጠው ለአዲስ አበባ ከተማ እንጂ ለባለ ካርታዎቿ ብቻ አይደለም።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ አባቶቻችን። ሀና ማርያም ላይ አጥሩ ከመነቅነቁ በፊት ባለቤቱ አንድ ቀን፣ በአንድ አዳራሽ፣ በክረምት ሳይሆን በበጋ ተጠርቶ «ምን ትላለህ?» ቢባል ኖሮ ቤቱ መፍረሱ ባይቀር እንኳ የሞቱት ሰዎች ዛሬ በሕይወት በኖሩ ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። ያ አንድ ቀን አዲስ ሕግና ብዙ በጀት አይፈልግም። የሰፈሩ ዕድር ሰው ሲሞት የሚያደርገውን፣ ሰው ሳይሞት ማድረግ ብቻ ነው፤ ወንበር አውጥቶ ሰውን ማስቀመጥና ማድመጥ።